አገጭ የሌለው ሟች

አልታየች ባሏ ተቀብሮበታል በተባለው መቃብር አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት ተመላለሰች፤ አንድም ቀን ግን ቆማ አላለቀሰችበትም። የአንኮበር ሰው ይህን ይዞባታል። «ለባሏ እንባ የነፈገች» ይላታል። እሷ መልስ አትሰጥም። መልሱን በቀብሩ ዕለት ሰጥታ ሰሚ ያጣች ሴት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ላይ፣ ባሏ ይርጋለም ከጓደኛው ከገብረኪዳን ጋር ገብስ ጭኖ ጨው ሊያመጣ ወደ በረሃው ወረደ። በሁለት ሳምንቱ ገብረኪዳን ብቻውን ተመለሰ። ሽፍታ አግኝቶን ይርጋለምን ገደለው አለ። መርዶ ተነገረ፤ አልታየች ያን ጊዜ ፊቷን ነጭታ፣ ደረቷን ደልቃ አለቀሰች። በሁለተኛው ወር ገብረኪዳን፣ የጓደኛዬ አጥንት የጅብ መጫወቻ አይሆንም ብሎ እንደገና ወረደና አንድ ስልቻ አጥንት ይዞ መጣ። አገር አደነቀው።

አጥንቱ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ቃሬዛ ላይ ሲቀመጥ አልታየች ገለጠችው። ማንም አልከለከላትም፤ ልታለቅስ መስሏቸው። ያየችው ቀለሙ ሻይ የመሰለ ስብርባሪ አጥንትና አንድ የታች መንጋጋ ነው። መንጋጋውን አነሳችው፤ እንደ ወፍጮ መጅ ከበዳት። አገጭ የለውም። ከከንፈሩ ሥር ወደ ውስጥ ሸሽቶ ይቀራል። ይርጋለም ደግሞ አገጩ እንደ ማረሻ የቀደመ ሰው ነበር። ጥርሶቹ የበቅሎ ያህላሉ፤ በቀኝ በኩል ሁለቱ ወልቀው ቦታው ተደፍኗል። የይርጋለምም ጥርስ ወልቋል፤ ግን በግራ ነው። ጥርስ ነቃዩ በጉጠት ሲታገለው፣ ራሱን በጉልበቶቿ መሃል ጨምቃ የያዘችው እሷ ናት። ግራና ቀኝ አይጠፋትም።

«ይሄ ይርጋለም አይደለም» አለች።

ሐዘን አዞራት አሉ። ገብረኪዳን የወለቀውን ቦታ በጣቱ እያሳየ ምልክቱ ይኸው አለ፤ እሱን አመኑት። ፍትሐት ተፈታ፣ አፈር ተመለሰ። ሴቶቹ እጇን ይዘው ወደ ቤቷ መለሷት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውስጧ ደነዘዘ። የጣርማ በር ብርድ ጣት ሲይዝ መጀመሪያ ያማል፣ ኋላ ምንም አይሰማም፤ እንደዚያ። ተዝካሩን ደገሰች፤ ገብረኪዳን ከላይ ተቀመጠ። በማኅበር ላይ «የጓደኛውን አጥንት ለበረሃ ያልተወ» እየተባለ ጽዋው አስቀድሞ ለሱ ይቀርባል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይሄኛው በሷ ጀርባ ላይ እያደር ከበደ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ እንደገና በመጋቢት፣ ጎረቤላ ገበያ ላይ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሥዕል ዘረጋ። ብርሃነ መስቀል ይባላል፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ጫማው ለአንኮበር ጭቃ የማይሆን። የጥንት አጥንት የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ነው የላከው። ሥዕሉ የመንጋጋ ነበር። ድንጋይ የሆነ እንዲህ ያለ አጥንት ያየ ሰው አለ ወይ እያለ ጠየቀ። አንዱ የአማቴ ነው አለና ገበያው ሳቀ። አልታየች ልትሸጥ የያዘችውን የበግ ጠጉር ፈትል መሬት አስቀምጣ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ አይቻለሁ» አለች።

«የት?»

«እቤተ ክርስቲያናችን ተቀብሯል። በባሌ ስም።»

ሳቁ ቆመ።

ብርሃነ መስቀል ያን ቀን እመምሬ ወልደተንሣኤ ዘንድ ሄዶ መቃብሩ ይከፈትልኝ ብሎ ለመነ። መምሬ ሽማግሌ ናቸው፤ ፍትሐቱን የፈቱትም እሳቸው ነበሩ። መቃብር በጥርጣሬ አይከፈትም አሉ። ከዚያ አልታየችን አዩና፣ «እውነተኛውን ካመጣሽ ያንን በገዛ እጄ አወጣዋለሁ» አሏት። ሦስቱም በዚህ ተስማሙ። እሷ የባሏን አጥንት ትሻለች፤ ሰውየው መንጋጋውን ይሻል። የሁለቱም መንገድ አንድ ነው።

ቦታውን የሚያውቅ ግን ገብረኪዳን ብቻ ነው። ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ ወገቤን አለ፣ ጾም ነው አለ። ሰው ሁሉ «ካንተ ሌላ ማን አለ? የጓደኛህን አጥንት ያላስቀረህ!» ሲለው ስሙ ራሱ ጎትቶ አወጣው። በሬ ቀንዱን ተይዞ እንደሚወጣ ወጣ።

በሁለት በቅሎ ማለዳ ተነሡ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ገደል ጉም ሞልቶት የፊተኛው ሰው ለኋለኛው አይታይም። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። በረዶው የበቅሎዎቹን ጆሮ ገረፈ፤ ድንጋዩ እንደ ሳሙና አንሸራተተ። የብርሃነ መስቀል በቅሎ የኋላ እግሯ ከዳርቻው ወጣና ተንጠለጠለች። አልታየች ጭራዋን በሁለት እጇ ያዘች፣ ተረከዟን ከዐለት ስንጥቅ ከተተች፣ ወደኋላ ተዘረረች። በቅሎዋ ተፍጨርጭራ ወጣች። የአልታየች መዳፍ ተልጦ ደም ፈሰሰ፤ እሷ ግን ብርሃነ መስቀል እስኪነግራት አላየችውም።

«አያምዎትም እትዬ?»

«እንጃ» አለች። እውነቷን ነበር።

አልዩ አምባ ላይ ኡመር ተቀላቀላቸው። አርጎባ ነው፤ ግመል ነጂ፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ፣ አሮጌ ምንሽር ያነገተ። የበረሃውን ሰው ቋንቋ ያውቃል። ስለ ድንጋዩ ሰው ሲነግሩት፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቄሱ ለጂን ፍትሐት ሲፈቱ ኖረዋላ» ብሎ ግመሏን በጥፊ መታ። አልታየች ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም፤ መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ብርዱ ከኋላቸው ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ በግራር መሃል፣ በሚያቃጥል ጠጠር ላይ ወረዱ። ፀሐይዋ ከላይ ትወቅጣለች፣ መሬቱ ከታች ይጠብሳል። አልታየች ውሃዋን በጉንጭ በጉንጭ እየቆጠበች፣ በሶዋን በጨው እየበጠበጠች ሄደች። ኡመር ከመንገደኛ ያገኘውን የግመል ወተት ሲዘረጋላት ጾም ነው ብላ መለሰችለት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ኩሬ ዳር በቅሎዎቹን ሊያጠጡ ቆመው እሳት አነደዱ። ሸምበቆው ተነቃነቀ። ነፋስ ነው ሲሉ አንዲት ሴት አንበሳ ወጥታ የአልታየችን በቅሎ አንገት ላይ ተሰቀለች። በቅሎዋ አንድ ጊዜ ጮኻ ወደቀች። ብርሃነ መስቀል ባለበት ደርቆ ቀረ። አልታየች የሚነድ እንጨት ከእሳቱ መዝዛ ወደ አንበሳዋ ፊት ወረወረች፤ ኡመር ተኮሰ። ጥይቱ ውሃውን መታ። አንበሳዋ ዘወር ብላ አየቻቸው፣ ከበቅሎዋ ላይ ወረደችና እየተጎተተ እንደሚሄድ ሰው በዝግታ ወደ ሸምበቆው ገባች። በቅሎዋ ሞታለች።

ገብረኪዳን ከየት መጣ ሳይባል ግራር ላይ ተገኘ። እሾህ ልብሱን ዘነጣጥሎታል።

«ጋሼ ገብረኪዳን» አለው ኡመር፣ «ላይ ቤት ነፋሱ እንዴት ነው?»

ገብረኪዳን እሾሁን እየነቀለ ወረደ። አልታየች ግን አየችው። አደጋ ሲመጣ ወዴት እንደሚሮጥ አየች፤ ያየችውን አስቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሸለቆው ደረሱ። ዝናብ የቦረቦረው፣ ቀይና አመድ ያፈራረቀ ገደል ነው፤ ውስጡ ደረቅ ወንዝ አለ። ገብረኪዳን አጥንቱን ያነሳሁት ከዚህ ነው አለ። ብርሃነ መስቀል ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ነው። በብሩሽ ይጠርጋል፣ በወስፌ ይነቅላል፣ ያወጣውን በጥጥ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ያስተኛል። ከዳር የተሳለ ድንጋይ አገኘ፤ ለአልታየች ሰጣት። እጇ ውስጥ ልክ ገባ። ይህን የጠረበው ሰው ነው አላት፤ አጥንት ሰብሮ መቅኔ ለማውጣት።

«ምን ዓይነት ሰው?»

እንደሚገባት አድርጎ ነገራት። ቁመቱ ከደረቷ አያልፍም። ራሱ ትንሽ፣ ጥርሱ ትልቅ፣ አገጭ የለው። ግን እንደ ዝንጀሮ በአራት እግሩ አይሄድም፤ የጭኑ አጥንት ከጉልበቱ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ የእግሩ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጎን ተሰልፏል፤ እንደኛ ቀጥ ብሎ ነው የሚራመደው። ጥፍር የለው፣ ክራንቻ የለው። ሲሮጥም ጅብ እንኳ ይቀድመዋል።

«ታዲያ በዚያ አንበሳ አገር እንዴት ኖረ?» አለ ኡመር።

«ብቻውን አይሄድም ነበር ብለን እናስባለን» አለ ብርሃነ መስቀል።

አልታየች አዳም ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አላውቅም አላት። ካላወቅህ ዝም በል አለችው፤ ወደ ቁፋሮው ተመለሰ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ቅልጥም አነሳ። መሃሉ ላይ እንደ ቋጠሮ ያበጠ ነገር አለበት። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ተሰብሮ ነበር። ተሰብሮ ድኗል። እድሜ ልኩን አንክሷል፤ ግን ድኗል።»

«እስኪድን ማን አበላው?»

ብርሃነ መስቀል መነጽሩን አወለቀ። «አጥንቱ ያን አይነግረኝም። ግን አንድ ሰው አብልቶታል። ካላበላው ይህ ቋጠሮ አይኖርም።»

አልታየች ቅልጥሙን ከእጁ ወሰደች። ሻይ መሰለ። ክብደቱ የመጅ ክብደት ነው። ዙሪያውን አየች፤ ገደሉ በሙሉ እንደዚሁ ሻይ በመሰለ አጥንት ተሞልቷል። ብርሃነ መስቀል ይሄ የጉማሬ ነው፣ ያ የአጋዘን ነው፣ ሁሉም ድንጋይ ከሆነ የሰው ቁጥር የማይደርስበት ዘመን አልፎታል እያለ ያሳያት ጀመር። እሷ አልሰማችውም። ወደ ገብረኪዳን ዞረች። በለሆሳስ ነበር የጠየቀችው።

«ይርጋለም የት ነው?»

ገብረኪዳን ጫማውን አየ።

«የጉማሬ አጥንት አስቀብረኸኛል። ይርጋለም የት ነው?»

ፀሐይ ገባች። ሲነጋ ገብረኪዳን የለም። የቀረችውን በቅሎ ወስዷል። ሁለቱን የውሃ አቁማዳም ወስዷል።

ኡመር መሬቱን አጎንብሶ አየ። ሰውየው ወደ ቤቱ ከሸሸ ኮቴው ወደ ምዕራብ መዞር ነበረበት፤ ኮቴው ግን ደረቁን ወንዝ ይዞ ወደ ታች፣ ማዶ ወደሚታየው ጥቁር ዐለት ይሄዳል። «የሚሸሸግ ነገር አለው፤ ቀድሞን ሊደርስ ነው» አለ። ውሃ ሳይኖር መከተል ሞት ነው። ወደ ኩሬው መመለስም የአንድ ቀን መንገድ ነው። አልታየች ሁለቱ ሲመካከሩ አልቆመችም። ኮቴውን ይዛ ሄደች፤ ሌላ ምርጫ ሳይኖራቸው ተከተሏት።

እኩለ ቀን ላይ ምላሳቸው እንደ ቁርበት ደረቀ። ብርሃነ መስቀል ሁለት ጊዜ ወደቀ። አልታየች ጠጠር አፏ ውስጥ አድርጋ እየመጠጠች፣ ዓይኗን ከኮቴው ሳትነቅል ትረግጣለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከበስተኋላ፣ ከደጋው በላይ ብቻ፣ ጥቁር ደመና ተቆልሏል።

ድንገት ግመሏ ቆመች። ኡመር ጆሮውን ጣለ።

«ውጡ!» አለ። «ደራሽ ነው፣ ውጡ!»

ድምፁ ሺህ በቅሎ በድንጋይ ላይ እንደሚጋልብ ነበር። አልታየች የብርሃነ መስቀልን ኮሌታ ይዛ ወደ ዳገቱ ጎተተችው፤ በጉልበት፣ በክርን፣ በጥፍር ቧጠጡ። ኡመር ግመሏን በልጓሟ እየጎተተ ተሳደበ፣ ለመነ። ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ፤ ግንድ፣ ዐለት፣ የሞተ ፍየል ተሸክሟል። ውሃው የወረወረው አንድ ድንጋይ የግመሏን እግር መታ። ከዚያ ሸለቆው በሙሉ ቀይ ውሃ ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ ሲጎድል፣ በነጠላዋ አጥልለው ጠጡ። ጭቃ ነበር። ጠጡት።

ገብረኪዳንን ከሰዓት በኋላ አገኙት፤ ከግራር ሥር ተሸጉጦ። በቅሎዋ የለችም። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ታጥፏል። በሕይወት አለ።

ኡመር ቆሞ አየው። «ውሃችንን ይዞ ሲሄድ አልጠየቀንም» አለ። «እኛም ሳንጠይቀው እንሂድ።»

ግመሏ ታነክሳለች፤ አንድ ጭነት ብቻ ነው የምትችለው። ጭነቷ ደግሞ የብርሃነ መስቀል ሳጥኖች ናቸው፤ የሁለት ወር ደመወዙን ጨምሮ የመጣበት። እሱም ሳጥኑን አየ፣ ሰውየውን አየ።

አልታየች ገብረኪዳንን ከላይ ሆና አየችው። ልቧን ዳበሰችው፤ ጥላቻ ትፈልግ ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው የት ሄደ? የለም። እጇ ግን ቀድሟት ሄደና የሳጥኑን ጠፍር መፍታት ጀመረ።

«እትዬ፣ እሱ...» አለ ብርሃነ መስቀል።

«አንተ ራስህ ነህ ያሳየኸኝ» አለችው፣ ጠፍሩን ሳትተው። «ያ አገጭ የሌለው አልተወውም። እኛ ከሱ እናንሳለን?»

ብርሃነ መስቀል ሳጥኖቹን ግራሩ ሥር በድንጋይ ከለለ። ያቺን ቅልጥም ብቻ ኮቱ ውስጥ ከተታት። አልታየች የግራር እንጨት ሰብራ እግሩን አሰረችለት፤ ሲጮህ ፊቷ አልተለወጠም። ግመሏ ላይ ጫኑት። ገመዱን እሷ ያዘች።

ትንሽ እንደሄዱ ገብረኪዳን ከላይ ሆኖ ተናገረ። ማንም አልጠየቀውም። ሽፍታ አልነበረም አለ። ይርጋለም ከዐለት ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ዋሻ ውስጥ አስገባሁት፣ በሶና አንድ ቅል ውሃ ተውኩለት፣ በሦስት ቀን ሰው ይዤ እመጣለሁ አልኩት። እሺ አለኝ፤ አንቺን እንዳላስደነግጥ አደራ አለኝ።

«አንኮበር ስደርስ ይሄኔ ሞቷል ብዬ አሰብኩ» አለ። «ከዚያ ሞቷል አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ... በሕይወት ባገኘውስ ብዬ ፈራሁ። አጥንቱን ላመጣ ስመጣም ከዚያ ሸለቆ አላለፍኩም። እግሬ እምቢ አለኝ።»

አልታየች አልዞረችም። ገመዱንም አልለቀቀችም።

ዋሻው ከጥቁሩ ዐለት ሥር ነው፤ ከግድግዳው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አለው። አልታየች ጎንበስ ብላ ገባች። መሬት ላይ የተበተነ አጥንት ጠብቃ ነበር። ያገኘችው የድንጋይ ክምር ነው፤ በወጉ፣ በጥንቃቄ የተከመረ፣ ጅብ የማያፈርሰው። አጠገቡ ከዘንባባ የተሰፋ የወተት ዕቃ ተቀምጧል።

ኡመር ዕቃውን አንስቶ አየ። «የአፋር ነው» አለ። «ከብት ይዘው የሚያልፉ ሰዎች። ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አድርገው ቀብረውታል። እንደ ራሳቸው ሰው።»

«ስማቸው ማን ነው?»

«ማን ያውቃል እቴ። አልፈዋል።»

ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሳች። ነጭ አጥንት ነበር፤ ቀላል፣ የሰው። መንጋጋው አገጭ አለው፤ እንደ ማረሻ የቀደመ አገጭ። ጣቷን በግራ በኩል ሰደደች። የወለቀው ጥርስ ቦታ እዚያው ነበር።

ብርሃነ መስቀል የይርጋለምን ቅልጥም ሲያነሳ ምንም ላለማለት ከንፈሩን ነከሰ። አልታየች ግን አየች። ስብራቱ ዙሪያ ቋጠሮ መያዝ ጀምሯል።

«ንገረኝ» አለችው።

«ሁለት ወር ግድም ኖሯል። ምናልባት ትንሽ ቢበልጥ።»

ዋሻው በር ላይ ግመሏ ላይ የተቀመጠው ገብረኪዳን ሰምቷል። እንደ ቁስለኛ ውሻ አንድ ድምፅ አሰማ። እሱ አጥንት ሊለቅም የወረደው በሁለተኛው ወር ነበር።

አልታየች ደግሞ ሌላ ቀን ነበር የምታስበው። የመርዶውን ቀን። ፊቷን የነጨችበት፣ አገር አብሯት ያለቀሰበት፣ ያን ሁሉ እንባ የጨረሰችበት ቀን። ያን ቀን ይርጋለም እዚህ ተቀምጦ የማያውቃቸው ሰዎች የሰጡትን ወተት እየጠጣ ነበር።

አጥንቱን በነጠላዋ ጠቀለለች። የወተቱን ዕቃ ያዘች። ከዚያ ባዶውን ክምር፣ እንደነበረ፣ ድንጋይ በድንጋይ መልሳ ከመረችው። ብርሃነ መስቀል ባዶ እኮ ነው ሲላት፣ «ሰው ደክሞበታል» ብቻ አለች።

ወደ ደጋው አምስት ቀን ፈጀባቸው። የመጨረሻውን ዳገት ገብረኪዳንን በቃሬዛ ከአልዩ አምባ የመጡ ሰዎች ተሸከሙት፤ የይርጋለምን አጥንት አልታየች ለማንም ሳትሰጥ አዝላ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገብረኪዳን በቃሬዛው ላይ ሆኖ እደጀ ሰላሙ ፊት ተናገረ። ማንም አላስገደደውም። ሲጨርስ ሕዝቡ እሱን ማየት ትቶ አልታየችን አየ፤ እሷ መሬት አየች። መምሬ ወልደተንሣኤ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ዶማ አምጡ አሉ። አንድ ጎልማሳ ሲያነሳው አልታየች ከእጁ ወሰደችው። ሴት መቃብር አትቆፍርም አላት። ቆፈረች።

መምሬ የድንጋዩን መንጋጋ በገዛ እጃቸው አወጡት፣ አገላብጠው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ይርጋለምን ስታወርድ አልታየች ወደሳቸው ጠጋ አለች።

«አባ፣ ጾም ነበር። ወተት ጠጥቷል።»

«ለታመመ ተፈቅዷል ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። የሷ አልተሰበረም።

ብርሃነ መስቀል መንጋጋውን ጥጥ ላይ ሲያስተኛው ምን ብለህ ትጽፈዋለህ አለችው። ቁጥር ይሰጠዋል አላት።

«ኃይለ ገብርኤል የይርጋለም የክርስትና ስሙ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ስም ተጸልዮለታል። ካንተ ቁጥር ሥር ጻፍበት።»

ቆማ አየችው፤ ጻፈው።

ገብረኪዳን ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ ልጅ የለውም። ወጌሻ እግሩን አሽቶ በሸንበቆ አሰረለትና እንዳትነቃነቅ አለው። ጎረቤት ደጃፉን ረሳ። ማኅበሩ ስሙን ከጽዋው ተራ አወጣ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። አልታየች ነበረች፤ የገብስ አጥሚት ይዛለች። ያመጣችበትን ዕቃ ሲያይ ፊቱ ነጣ። በወይራ አጥናው፣ አጥባው ነበር፤ ግን ያው የዘንባባው ዕቃ ነው።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«ይቅር አላልኩህም» አለች። «ጠጣ።»

ጠጣ። እስኪጨርስ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ አየች። በነጋታውም መጣች፣ በሦስተኛውም። ፋሲካ ሆኖ ጾሙ ሲፈታ አጥሚቱን ትታ ወተት ሞላችበት። አታወራውም፣ አይኑን አታየውም፤ ዕቃውን ሰጥታ ባዶውን ትቀበላለች። ሰዎች ይህን ለምን ታደርጊያለሽ ሲሏት አላውቅም ትላለች፤ የምታውቀው ይህንኑ ያህል ነው።

በሰኔ መባቻ ስትመጣ ገብረኪዳንን በከዘራ ቆሞ አገኘችው። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ደጃፉ ድረስ እያነከሰ። አልታየች ዓይኗን ከእግሩ ሳትነቅል አየችው። ወተቱን እዳር አስቀምጣ ጠብቃ፣ ጠጥቶ ሲጨርስ ዕቃውን ተቀብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት አልሄደችም።